እታለም አሮጌዋን ኮምፒውተር ያስነሡበት ቀን

በቤተ መጻሕፍታችን የኋላ ክፍል፣ ከመጠረዣው ጎን፣ የብሬይል ክፍል አለ። ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡት፣ ነጥብ ነጥብ ሆኖ የሚታተመው ጽሑፍ የሚዘጋጀው እዚያ ነው። ክፍሉን የያዙት እታለም ናቸው። እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን ከኃላፊው ጀምሮ እስከ ጽዳት ሠራተኞቹ ሁላችንም እታለም ነው የምንላቸው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አያዩም። እኔ የታተመውን ወረቀት እየበሳሁ እጠርዛለሁ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ብዙ ዘመን ሠርተናል፤ እንዲህ ያለች የሥራ ጓደኛ ስለ ሰጠኝ አምላኬን ሳላመሰግን የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው።

እታለምን ኮምፒውተር ያስተማራቸው ሰው የለም። ስክሪኑ ላይ ያለውን በጆሮ ማዳመጫ የሚያነብላቸው ፕሮግራም አለ፤ እሱን እየሰሙ፣ እየነካኩ፣ እያበላሹና መልሰው እያበጁ ነው የተማሩት። ድምፁ ከመፍጠኑ የተነሣ ለእኔ የንብ መንጋ ይመስለኛል። እሳቸው ግን በእኔ ይስቃሉ።

"አንተ ስታነብ እኮ ቃል ከቃል እስኪገናኝ ሻይ ይጠጣል። ጸጉርህ የሸበተው አንቀጽ ስትጠብቅ ነው" ይሉኛል። ጸጉሬ መሸበቱን ማን እንደ ነገራቸው እስካሁን አላወቅሁም።

ያን ሰሞን የምናትመው ለጋሽ ወስፌ ነበር። ጋሽ ወስፌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫማ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰው ይህን ስም ያወጣላቸው ወስፌ ከእጃቸው ስለማይለይ ነው። ዓይናቸው የጠፋው ካረጁ በኋላ ነው። ቆዳና ክር ያደነደነው ጣታቸው ነጥቦቹን አልሰማ ብሎ ብዙ ተቸገሩ፤ እታለም ግን አጠገባቸው ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ፊደል በፊደል አስለመዷቸው። ማንበብ ሲጀምሩ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሲያነቡት የኖሩትን የጸሎት መጽሐፍ። የመጀመሪያውን ግማሽ አትመን፣ እኔም ጠርዤ ሰጠኋቸው። ሁለተኛውን ልንጀምር ስንል ኮምፒውተሯ አልነሣም አለች።

ማተሚያችን የድሮ ነው። ሰፊ አፍ ያለው ኬብሉ የሚገባው በዚያች አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ አዲሶቹ ለእሱ የሚሆን ቀዳዳ የላቸውም። ስለዚህ እሷ ከሞተች እሱም ሞተ ማለት ነው። ኃላፊያችን ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ክፍል ጠቧቸዋል።

"እታለም፣ እስከ ሰኞ ካልተነሣች ሁለቱንም ወደ መጋዘን ማውረዳችን ነው" አሉ። "ለአንባቢዎቹ በድምፅ የተቀዳ እንሰጣቸዋለን።"

"ለጋሽ ወስፌስ?"

"ለእሳቸውም እንጂ።"

"የጋሽ ወስፌ ጆሮ እኮ እየሄደ ነው። ከእኔ ጋር ሲያወሩ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። የቀራቸው ጣታቸው ነው።"

ኃላፊው የበሩን እጀታ ያዙ። "እስከ ሰኞ" አሉና ወጡ።

የእታለም የወንድም ልጅ ሌላ ከተማ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። የተበላሸው ውስጧ ያለው ሲስተም መሆኑን በስልክ ሰምቶ፣ እንደ አዲስ የሚጫንበትን ፍላሽ አዘጋጅቶ ላከ። ዓርብ ጠዋት ክፍላችን ባለው አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሰክተን ሞከርነው፤ ወዲያው ተነሣ። አሮጌዋ ላይ ሰክተን አበራናት። ማራገቢያዋ ዞረ፣ አንዴ ጢጥ አለች፣ ከዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጻፈች።

"ምን አለች?" አሉኝ እታለም።

"የምነሣበት ሲስተም አላገኘሁም ትላለች።"

"ፍላሹን ዘላዋለች። ጢጥ እንዳለች ወዲያው ሃርድ ዲስኩ ነው የተንቋቋው።"

ለወንድማቸው ልጅ ደወሉ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ" አለ። "ፍላሹን ያሰናዳሁት ለአዲሶቹ በሚሆን መንገድ ነው። የድሮዎቹ አነሣሣቸው ሌላ ነው፤ እንደገና መሠራት አለበት። ነገ ልምጣ?"

"ምን አለፋህ? መንገዱን ንገረኝ።"

እየነገራቸው፣ እሳቸው በአንድ ጆሯቸው እሱን፣ በሌላው የሚያነበውን ፕሮግራም እየሰሙ፣ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ፍላሹ ውስጥ ያለውን አጥፍተው ለአሮጌዋ በሚሆን መንገድ ሠሩት። አንዴም ጣታቸው አልተሳሳተም።

መልሰን አሮጌዋ ላይ ሰካነው። ያው መስመር። ምናልባት የፊት ለፊቱ ሶኬት ደክሞ ይሆናል ብለው በእጃቸው ዳብሰው ከኋላ ሰኩት። አሁንም ያው።

"እንግዲህ የቀረው ከየት እንደምትነሣ የሚታዘዝበት ገጽ ነው" አሉ። "እዚያ የሚያነብልኝ የለም። ምንም ሳይነሣ ማን ይናገራል? ዓይንህን አውሰኝ።"

የሚጫነውን ቁልፍ ነገሩኝ፤ ሰማያዊ ገጽ መጣ። እንግሊዝኛውን እንደምንም እየገጣጠምኩ፣ "የመነሻ ቅደም ተከተል ይላል። ሲዲ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ኔትወርክ" አልኩ።

"ፍላሽስ?"

"ፍላሽ የሚል የለም።"

አጥፍተን አበራን፣ ነቅለን ሰካን። ፍላሽ የሚል የለም። ምሳ ሰዓት አለፈ።

በዚህ መሐል ጋሽ ወስፌ በከዘራቸው በሩን እየደበደቡ ገቡ። "አለቀልኝ ወይ መጽሐፌ?" አሉ፣ ሜዳ ላይ እንዳለ ሰው።

እታለም ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው፣ "ገና ነው ጋሼ። ኮምፒውተሯ አልነሣም ብላናለች" አሏቸው።

"እኔንም ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ" አሉና ተቀመጡ። ቆይተው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ ማለቱ ለእሳቸው ነው እንጂ ለእኛ ደህና ይሰማል። "የሰጣችሁኝ ግማሽ የልመናው ነው። ምስጋናው ያለው በሁለተኛው ነው። በቃሌ የያዝኩት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዓይኔ ነበር የያዘው። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስለምን ብቻ እውላለሁ። እግዜር፣ ይሄ ሰውዬ ምን ነካው፣ እንዳይለኝ እፈራለሁ።"

እታለም አልሳቁም። ወንበራቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ "እስቲ ገጹን እንደገና አንብብልኝ" አሉ። "አሁን ግን አታሳጥርልኝ። እናንተ የምታዩ ሰዎች ይጠቅማል ያላችሁትን መርጣችሁ ነው የምትነግሩን። ከላይኛው ጥግ ጀምርና ያለውን ሁሉ ስጠኝ።"

ጀመርኩ። የገጹን ርዕስ፣ ቀኑን፣ ቀስቶቹን፣ ከግርጌ የተደረደሩትን የቁልፍ ስሞች ሁሉ አነበብኩ። "ከዚያ ሲዲ። ከዚያ የመደመር ምልክት፣ ሃርድ ዲስክ። ከዚያ ..."

"ቆይ። የምን መደመር?"

"ሃርድ ዲስክ ከሚለው ፊት ትንሽ የመደመር ምልክት አለች። ለጌጥ የተደረገች መስላኝ ነው።"

"ለጌጥ" አሉ። "ሠርግ ተጠርታ ይሆናላ። በል እሷ ላይ ሂድና ኢንተርን ተጫን።"

ተጫንኩ። መስመሩ ተከፈተና ከሥሩ ሁለት ስሞች ወጡ፤ አንዱ የሃርድ ዲስኳ፣ ሁለተኛው ፍላሹ ላይ የተጻፈው ስም። አሮጌዋ ፍላሹን አላጣችውም ኖሯል። እንደ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ቆጥራ ከመጀመሪያው ኋላ አሰልፋዋለች፤ ፊተኛው ሲበላሽባት ወደ ኋላ ዞራ አላየችም።

"ወደ ላይ አውጣው" አሉ እታለም። "ከዚያ አስቀምጠህ ውጣ።"

ማራገቢያው ዞረ። ጢጥ አለች። ከዚያ ዝም አለች። የፍላሹ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ እሳቸው ግን ሃርድ ዲስኩ አለመንቋቋቱን ሰምተው ፈገግ ብለው ነበር። ውስጤ "ተመስገን" አለ። እታለም ደግሞ ጋሽ ወስፌ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብለው፣ "ሰኞ በጠዋት ይምጡ" አሏቸው።

ሲስተሙ እስኪጫን እኔ አነበብኩ፣ እሳቸው አዘዙ፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ አላስቀረሁም። ወደ ማታው ግድም የማንበቢያው ፕሮግራም ተጭኖ አሮጌዋ አፏን ስትፈታ፣ እታለም የጆሮ ማዳመጫቸውን አድርገው፣ "አሁን ዓይንህን መልሰህ ውሰድ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ማተሚያው ጠረጴዛውን እያንቀጠቀጠ ወረቀት መትፋት ጀመረ። ጋሽ ወስፌ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው መንቀጥቀጡን አዳመጡ። የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች ሳልጠርዛቸው ጉልበታቸው ላይ አኖርኩላቸው። ጣታቸው መሄድ ጀመረ፤ ከንፈራቸውም ተከተለ። ድንገት ቆሙ።

"አንቺ፣ እዚህ ጋ ነጥብ ጎድሏል።"

እታለም ዳበሱት። "ጎድሏል" አሉ ደስ ብሏቸው። "ከመቼ ወዲህ ነው የእኔን ሥራ ማረም የጀመሩት?"

"ያስተማረችኝ ጨካኝ ናት።"

ነጥቦቹን ከሚያወጡት የማተሚያው መርፌዎች አንዱን አቧራ ይዞት ነበር። እሱን ስጠርግ፣ ጋሽ ወስፌ የተሳሳተውን ወረቀት አልመልስም ብለው ማንበባቸውን ቀጠሉ፤ ራሳቸውን ስለማይሰሙ ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው። ኃላፊው ዕቃ የሚያወርዱ ሁለት ሰዎች አስከትለው በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ምስጋናው እስኪያልቅ ቆሙ። ሲያልቅ ሰዎቹን በእጃቸው ምልክት መልሰው ላኩና ወደ እታለም ጠጋ አሉ።

"የዚህ ማተሚያ ወረቀት ምን ያህል ቀርቷችኋል?" አሉ። "ዛሬ ትእዛዝ ልጽፍ ነው።"