ሁለት አረንጓዴ መብራት

የሥራ ባልደረቦቿ «ቆይ ቆይ» ይሏታል። አሥራ ስድስት ዓመት ሰርቨር ክፍል ውስጥ ስትሠራ ከአፏ የማይጠፋው ቃል እሱ ነውና ስሙ ይገባታል። ቤቷን ቆልፋ ከወጣች በኋላ ደረጃው ላይ ስትደርስ ትመለሳለች። ባሏ «ሴትዮ፣ በሩ እግር አውጥቶ አይሄድም!» እያለ ይስቅባታል። እሱ ይሳቅ። እሷ ከልቧ ነው የምትፈራው። የምትጠብቀው መስመር ሰው ሲታመም ወይም ቤት ሲቃጠል የሚደወልበትን የአደጋ ጥሪ የሚያመላልስ ነው። እሱ ቢቋረጥ ማን ጮሆ ይነግራታል? የጮኸው ሰው ድምፁ አይደርስማ።

የዚያን ቀን ጠዋት የነበረው ሥራ፣ በአፍ ሲወራ፣ ቀላል ነበር። በመስመሩ ስንት ጥሪ እንደሚያልፍ የሚከታተል መሣሪያ መግጠም ነው። ለዚህ ገመዱ ለአፍታ መነቀል አለበት። ደግነቱ ጥሪውን በብርሃን የሚያሻግረው ገመድ ሁለት ነው፤ አንዱ ሲነቀል ሌላው ይሸከማል፣ ደዋዩም ምንም ሳያውቅ ሥራው ያልቃል።

በአሥር ዓመት የምትበልጠው አለቃዋ አውራ ጣቱን ሲጫኑት በሚለቀው የአንደኛው ገመድ መቆለፊያ ላይ አሳርፎ ቆሟል።

«የሁለቱም ገመድ መብራት አረንጓዴ ነው። ልንቀለው?»

«ቆይ።»

«ደግሞ ጀመረሽ! መብራቱ እኮ ይኸው።»

«መብራቱ እዚህ መሰካቱን ነው የሚነግርህ። ማዶ መድረሱን አይነግርህም።»

«ፈሪ ለእናቱ» ብሎ ሳቀ።

ከኪሷ መቆንጠጫዋን አወጣች። የልብስ መቆንጠጫ የምታክል ናት፤ ገመዱን ሳትቆርጥ ጎበጥ አድርጋ ትይዝና ከማዶ ብርሃን እየመጣ ከሆነ ትጮኻለች። አንደኛው ገመድ ላይ አደረገቻት፤ ጢጥ ጢጥ አለች። ሁለተኛው ላይ አዛወረቻት። ዝም። ቦታ ቀየረችላት። አሁንም ዝም።

«ጣትህን አንሳ» አለች ቀስ ብላ። «ሁለተኛው ሞቷል።»

«ተጭኜዋለሁ እኮ» አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ብለቀው ይወጣል?»

«አትንቀሳቀስ። አትተንፍስ።»

በሁለት ጣቷ የአንደኛውን ገመድ ራስ ያዘችና ወደ ውስጥ ገፋችው። ቀጭ ሲል ጣቱን አነሳ። ሁለቱም የተነፈሱት ያኔ ነው።

ማዶ ጫፍ ወዳለው ሠራተኛ ደወለች፤ እሱም ሄዶ አይቶ አረጋገጠ። የሁለተኛው ገመድ ጫፍ ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ቀለምም ጠጥቷል። ግድግዳው ከተቀባ ስድስት ወሩ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ከተማው በአንድ ገመድ ሲጮህ፣ እነሱ ሁለት አለን ብለው በሰላም ተኝተዋል። አዲስ ገመድ ስቦ ለመጨረስ ከሰዓት በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ይቆያል ተባለ።

ምሳ ሰዓት ላይ አለቃው «ሂጂ ብዪ፤ እኔ እጠብቀዋለሁ» አላት።

በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። ሁለት እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቶ ገመዱ ፊት ቆሟል። ሊያስነጥሰው ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ እንጂ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ተመልሳ አጠገቡ ቆመች። ምሳውም ቀረ።