የመብሩካ ደንበኛ

ፈረንጆች አሮጌ የብር ጌጥ ፍለጋ በላንድሮቨር ይመጡ በነበረበት በዚያ ክረምት፣ ገበያና ንግሥ እየዞረች ጌጥ የምትሸጠው ራቢአ ስሟን በማታውቃት አንዲት ሴትዮ የተነሳ በቅናት ስትቃጠል ከረመች።

ሴትዮዋ የወንድ ካፖርት ትለብሳለች፤ የነጠላዋ ጥለት ከመታጠብ ብዛት ቀለሙ ጠፍቷል። ሰበታም ይሁን ቡራዩ፣ ሱሉልታም ታቦት ሲነግሥ፣ መብሩካ ከራቢአ ጎን ጌጧን በዘረጋችበት ሁሉ አትጠፋም። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ አንድ የብር ድሪ ታነሳለች፤ ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብላ ስትዳስሰው ትቆይና ከሌሎቹ ጌጦች ሥር መልሳ ትከተዋለች። ወደ ራቢአ ግን ዞር ብላ እንኳ አታይም።

«አላህ ገዢ ይንሳት፣ ይቺን መብሩካ!» ትላለች ራቢአ በሆዷ።

በቡሄ ማግስት ሰበታ ላይ አላስችላት አለ። ሴትዮዋ ተነስታ ስትሄድ ተከትላ ያዘቻት።

«እትዬ፣ የእኔን ዕቃ እንዲህ የናቁት ምን ቢያገኙበት ነው?»

ሴትዮዋ ደነገጠች። «ኧረ እኔ ገዢ አይደለሁም፣ ልጄ። ያ ድሪ የሰርጌ ነው። ቸግሮኝ ለመብሩካ የሸጥኩት እኔው ነኝ። አለመሸጡን ላይ ነው የምመጣው።»

ራቢአ ወደ ቦታዋ ስትመለስ አንድ ላንድሮቨር መብሩካ ፊት ቆመ። ፈረንጁ ጎንበስ ብሎ ጌጡን ያገላብጥ ጀመር።

ራቢአ ክረምቱን ሙሉ የጸለየችውን ያንኑ ጸሎት ደገመችው። «አላህ፣ ገዢ ንሳት።»