ግራ እጃቸውን ያወጡት ሾፌር

ልጄ ለኮሌጅ መምህርነት በድኅረ ምረቃ እየሠለጠነች ነው። ባለፈው ዓርብ እዚህ ጅቡቲ፣ ቡላኦስ ሰፈር ባለው ቤታችን ምሳ እየበላን፣ ማክሰኞ ገምጋሚ ክፍሏ እንደሚገባባት ነገረችኝ። «አትጨነቅ አባዬ፤ ተማሪዎቼን አዘጋጅቻቸዋለሁ። ምን እንደሚጠየቁ፣ ማን እንደሚመልስ ሁሉም ያውቃል» ብላ ሳቀች። ልጎርሰው ያነሣሁትን ዓሣ ሳህኑ ላይ መለስኩት። እሾህ ያገኘሁበት መስሏት ሌላ ቁራጭ አቀበለችኝ።

በሃያ ስድስት ዓመቴ እኔም እንደሷ ሠልጣኝ ነበርኩ። የማስተማር ልምምዴን እንድሠራ የተላክሁት እዚሁ ጅቡቲ፣ ለኢትዮጵያውያን ሾፌሮች የትራንዚት ሰነድ አያያዝ በአማርኛ ወደሚያስተምር አንድ ማሠልጠኛ ነበር። ሦስት ወር ተብሎ ነበር። አገር ቤት አንድ ኮሌጅ ቦታ ይዞልኛል፤ እስከ መስከረም የልምምድ ወረቀቴን አስፈርሜ ካልቀረብኩ ግን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ፈራሚዋ የማሠልጠኛው ኃላፊ ማዳም ዘይነባ ነበሩ። ድሬዳዋ ተወልደው፣ ተምረው፣ እዚህ ያገቡ ሴት ናቸው፤ ሲቆጡ በፈረንሳይኛ፣ ሲያዝኑ በአማርኛ ይናገራሉ። ፓስፖርቴም ለመኖሪያ ፈቃድ ተብሎ እሳቸው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። እሳቸው ካልፈረሙ እኔም ፓስፖርቴም ከዚህ ከተማ አንወጣም።

ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን ተሸክሞ ይመጣል። መስኮቱን ከፍቼ አቧራ ልብላ ወይስ ዘግቼ ልቀቀል? የየቀኑ ምርጫዬ ይኸው ነበር። ጠዋት መንገድ ዳር ከተቀመጡት ሴቶች ትኩስ ዳቦ ገዝቼ በሻይ እበላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ሆዴን ይዘጋዋል። እኩለ ቀን አልፎ ጫት ሲገባ ከተማው ሁሉ በየቤቱ ይከተታል፤ ከዚያ ወዲያ ፊርማ የሚጠይቅ ሰው እንደ እብድ ነው የሚታየው። እናቴ ስትደውል ልብስ አልደርቅ ብሎ እንዳስመረራት ትነግረኛለች። እኔ ደግሞ ዝናብ የሚባል ነገር መኖሩን መጠራጠር ጀምሬ ነበር።

ማዳም ሁለት ጊዜ ገብተው ገምግመውኝ ሁለት ጊዜ ጣሉኝ። «አንተ ትናገራለህ፣ እነሱ ይሰሙሃል። ‹ገባችሁ?› ስትል ‹አዎ› ይሉሃል። ማን ነው የገባው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሾፌሮቹ «አልገባንም» ማለት መምህሩን መድፈር ይመስላቸው ነበር። እኔም ብሆን «አዎ»ን ሰምቼ ከማለፍ በቀር ሌላ ነገር አልሞከርኩም። የቀረኝ አንድ ግምገማ ብቻ ነበር፤ ከሱ በኋላ ማሠልጠኛው ለሙቀቱ ወራት ተዘግቶ የሚከፈተው በጥቅምት ነው።

በዋዜማው ተማሪዎቼን ሰበሰብኩ። «ወንድሞቼ፣ ነገ ማዳም ሲገቡ ጥያቄ ስጠይቅ ሁላችሁም እጃችሁን አውጡ። መልሱን የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። «ተማሪ ቤት ሳለን ኢንስፔክተር ሲመጣ እኛም እንዲህ ነበር የምናደርገው!» አለ ሙላት የሚባል ወጣት ሾፌር። ኀምሳ ያለፋቸው ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም። «ለመምህራችን ከሆነ ምን ችግር አለው፤ ግራ እጅ አይከብድ» አሉ።

በማግስቱ ማዳም ደብተራቸውን ይዘው መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ከወደብ ከመውጣታችን በፊት የኮንቴይነሩን ቁጥር ከምን ጋር እናመሳክራለን?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም እጁን አወጣ። ከቀኞቹ አንዱን መረጥኩ፤ አንበለበለው። ሁለተኛውን ጠየቅሁ፤ ሁሉም አወጣ። ሦስተኛውንም እንዲሁ። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ልቤ አዲስ አበባ ገብታለች።

«መምህር፣ ካልከፋህ አንዱን እኔ ልምረጥ» አሉ ማዳም። «እዚያ ጋ ግራ እጃቸውን ያወጡት አባት ይመልሱ።»

እሳቸውም እንደኛው አገር ቤት፣ ድሬዳዋ፣ ትምህርት ቤት ተቀምጠው ያደጉ መሆናቸውን እንዴት ረሳሁት? ይህን ብልሃት እኔ የፈለሰፍኩት መስሎኝ ይሆን!

ጋሽ ደምሴ ተነሡ። ጣሪያ ጣሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «አላውቀውም» አሉ።

«ካላወቁት ለምን እጅዎን አወጡ?»

«ልጁ አገሩ ይግባ ብለን ነው፣ እመቤት» አሉ። «እኛ ዛሬ ገብተን ከነገ ወዲያ እንወጣለን። እሱ ግን ታስሮ ቀረ።»

«እርስዎስ? ቁጥሩን ሳያመሳክሩ በር ላይ ቢያዙ?»

«አምና ተይዣለሁ። ዘጠኝ ቀን። በዚህ ሙቀት ከመኪናው ሥር ነው የተኛሁት። እዚህስ የገባሁት ለዚያ አልነበር?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁለት ወር ተኩል ወደብ በመጡ ቁጥር ፊቴ ሲቀመጡ ለምን እንደመጡ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም። እኔ የማስበው ስለራሴ መውጫ ብቻ ነበር።

ማዳም አልተቆጡም፤ ደብተራቸውን ዘጉ። ኮሪደር ላይ ተከትዬ ደረስኩባቸው።

«ማዳም፣ ቦታዬ ይሄድብኛል።»

«አውቃለሁ።»

«ቢሄድም አይፈርሙልኝም?»

«ቢሄድም፣ ልጄ» አሉ፣ በአማርኛ።

ያን ክረምት እንዴት እንደገፋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። አቅም ያለው ሁሉ ወደ ደጋው ሸሸ፤ እኔ ቆርቆሮዬ ሥር ቀረሁ። ጋሽ ደምሴ ጭነት ይዘው በመጡ ቁጥር መኪናቸው ጥላ ሥር ተቀምጠን ወረቀቶቹን ጉልበታችን ላይ እንዘረጋለን። «አልገባኝም» ይሉኛል አሁን፣ ያለ ሐፍረት። በሌላ መንገድ እሞክራለሁ። «አሁንም አልገባኝም።» አንዳንዴ ወረቀቱን ቀድጄ ብሄድ ብዬ እመኝ ነበር፤ ግን ወዴት ልሄድ? አራተኛው ሙከራ ላይ ገባቸው። በጥቅምት ማሠልጠኛው ሲከፈት ማዳም እንደገና ገምግመው ፈረሙልኝ፤ ቦታው ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። እኔም እዚሁ አስተማሪ ሆኜ፣ አግብቼ፣ ወልጄ ቀረሁ። ማዳምን ለብዙ ዓመታት ረግሜያቸዋለሁ። ዛሬ ሙሉ በሙሉ ይቅር ብያቸዋለሁ ብል ውሸት ነው።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። እጇን ታጥባ ስትመለስ ልታጽናናኝ ፈለገች። «አባዬ፣ የኔ ገምጋሚ እኮ እንደ ማዳም አይደለም። ስልኩን እያየ ነው የሚፈርመው፤ ማንንም አይጠይቅም» አለችኝ።

ደስ እንዲለኝ ጠብቃ ነበር። እኔ ግን አዘንኩላት። ያን ጊዜ በሩን የዘጋብኝ ሰው ክፍሌ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አይቷቸዋል፤ የልጄን ተማሪዎች ግን የሚያያቸው የለም። ተዘጋጅተው፣ መልስ ተከፋፍለው፣ ሳይገባቸው ወደ ሥራ ሊሄዱ ነው።

«እንግዲያው ማክሰኞ እኔ ኋላ እቀመጣለሁ» አልኳት። «የኮሌጁ ኃላፊ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ አይከለክለኝም። ጥያቄውን እኔ እጠይቃለሁ።»

ከዚያ ወዲህ አላነጋገረችኝም። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ሸሚዜን ተኩሻለሁ።