ቆጮ ውስጥ የቀረው ቁልፍ

ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ የቤቴን ቁልፍ ላስቀርጽ እዚያው ገበያው አጠገብ ወዳለች ጠባብ ሱቅ ጎራ አልኩ። ወጣቱ ባለሱቅ ቁልፌን ማሽኑ ላይ አሰረና ማብሪያውን ተጫነ። ማሽኑ አንዴ ጮኸ፤ ጃንጥላዬን አጥፌ ሳልጨርስ አንዱ ቁልፍ ሁለት ሆኖ እጄ ገባ። የተቀረጸው ብረት ብናኝ ግን አፍንጫዬ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ሽታ ጋር ብዙ ነገር መጣብኝ።

"ይቺኛዋስ ማዘር? ትቀረጽ?" አለኝ ወጣቱ፣ መያዣው ላይ ካሉት ቁልፎች አንዷን በጣቱ ለይቶ። ጥርሷ ወጣ ገባ ያለ፣ በእጅ የተሞረደች ጠቆር ያለች ቁልፍ ናት።

"እሷ ትቅር" አልኩት። "የምትከፍተው የላትም።"

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት እየጠበቅሁ ጉብሬ እናትና አባቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ዛሬ ጉብሬ ተማሪና ባጃጅ የሚተራመስባት ከተማ ሆናለች፤ ያኔ ግን ከወልቂጤ በኩል የመኪና ድምፅ ሲሰማ ሰው ሥራውን ትቶ ቀና ይል ነበር። አባቴ አስተማሪ ነበር። ወደ ሌላ አገር ከተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ የገዛት አንዲት ሰማያዊ አሮጌ የቤት መኪና ነበረችው። ቀለሟ ገርጥቷል፣ የግራ መስኮቷ አይወርድም፣ ስትነሳ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ስትገዛም በአንድ ቁልፍ ብቻ ነው የመጣችው። አባቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ስለነበር፣ ቁልፍ ያዥ ሆኜ የተሾምኩት እኔ ነኝ። በጥቁር ክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው እዞር ነበር። ሹመቱ በመጠኑ እንዳኮራኝ አልደብቅም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እናቴ የሰፈሩን ሴቶች ደቦ ጠራች። በጥር ለታላቅ ወንድሜ ሠርግ የሚሆነው ቆጮ የሚቀበርበት ቀን ነበር። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ዙሪያው በእንሰት ቅጠል ተለብጧል፤ የተፋቀው እንሰት በቁና በቁና ይገለበጥበታል፣ ሴቶቹ እየተቀባበሉ እየዘፈኑ በእግራቸው ይረግጡታል። ያን ዕለት ካፊያው አላቋረጠም። የእርጥብ ቅጠልና የእንሰት ሽታ፣ የሴቶቹ ሳቅ፣ ከእግራችን ሥር የሚመጣው ልስላሴ፣ ሁሉም ዛሬ እንደ ሕልም ነው የሚታየኝ። ሴቶቹ ወደ ጉድጓዱ ከመግባታቸው በፊት እግራቸውን ይታጠባሉ፣ ቀለበትና አምባራቸውን ያወልቃሉ። እኔ ቀለበትም አምባርም ስላልነበረኝ የማወልቀው ነገር ያለኝ አልመሰለኝም።

ጉድጓዱ ተከድኖ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ ሁሉም ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ አንገቴን ስታጠብ ክሩ ተበጥሶ በጣቴ መጣ። ቁልፉ የለም።

"ሁላችን ቀለበታችንን አውልቀን ገባን" አለች እናቴ፣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ። "አንቺ መኪና አንጠልጥለሽ ገባሽ!"

"እናውጣዋ እማዬ።"

"ከምኑ ላይ? የአሥራ አንድ ሴት ጉልበት ነው እዚያ ውስጥ ያለው። በዚህ ዝናብ ከፍቼ ብበትነው ተበላሸ ማለት ነው። ለሠርጉ ምን ላቀርብ ነው? ቁልፉ የትም አይሄድም፤ በጥር ይወጣል።"

አባቴም በጥር ይወጣል አለ። መኪናዋም እስከ ጥር ደጃፍ ላይ ቆማ ልትቆይ ሆነ። በዚሁ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ የማወራው አይኖረኝም።

ጳጉሜ ላይ ከአገር ቤት አንድ ዘመድ መጣ። አገራችን ከጉንችሬ ወዲያ ነው፤ አባቴ በየዓመቱ ለመስቀል አባቱ ዘንድ ገብቶ ይመረቃል። መኪናዋን ከገዛ ጀምሮ በየመስቀሉ "አባቴ ግቡና ላዙርዎት" እያለ ይለምናቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ እግር ያለው ሰው ምን አስቀመጠው እያሉ ይስቁበታል። ያን ዓመት ግን እግራቸው ከዳቸው። ከግንቦት ጀምሮ ከጎጆው ደጃፍ አላለፉም። ዘመዳችን የያዘው መልእክት አጭር ነበር፤ "ዘንድሮ መኪናህን ይዘህ ና። ጀፎረውን አንዴ አዙረኝ።"

ጀፎረ በኛ አገር ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። ሰርጉ እዚያ ላይ ነው፣ ለቅሶው እዚያ ላይ ነው፣ ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ ልጅ የሚሯሯጠው እዚያ ላይ ነው። አያቴ ሰማንያ ዓመት የተመላለሱበትን ሣር ነበር አንዴ ልየው ያሉት። በጥር ይወጣል ተብሎ መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ አልነበረም።

አባቴ አልተቆጣኝም። ወጥቶ መኪናዋን በመዳፉ ዳሰስ ዳሰስ አደረጋትና ተመለሰ። ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

ከወልቂጤ የመጣው መካኒክ በሩን በሽቦ ከፈተው፤ ነገር ግን መሪዋ ስለተቆለፈ ያለ ቁልፍ ለማንቀሳቀስ መስበር ነው አለ። አባቴ አመነታ። መካኒኩ አሰበና ቁልፍ የሚገባበትን ሲሊንደር ከበሩ ላይ ፈትቶ በጨርቅ ጠቀለለልኝ። የበሩም የሞተሩም ቁልፍ አንድ ነበርና። "ቡታጅራ ጋሽ ከድር የሚባሉ ሰው አሉ" አለ። "ቁልፉን ሳያዩ ይሠሩታል።"

መስቀል ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ማለዳ ተሳፈርኩ። ተራራው ላይ ስንወጣ ጉም አውቶቡሱን ዋጠው፤ መስኮቱ ነጭ ሆነ። ጉሙ ገለጥ ሲል ቢጫ አበባ የለበሰ ሜዳ ይታየኛል፣ ደግሞ ይሰወራል። ከፊት ለፊታችን ለበዓል የሚገባ ሰው የጫኑ መኪኖች ይመጣሉ። አገሩ በሙሉ ወደ ቤቱ ሲገባ እኔ ብቻ በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት ታቅፌ ከቤቴ የምርቅ መሰለኝ።

ጋሽ ከድር ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ጢማቸው አጠር ያለ፣ እጃቸው ከፊታቸው ይበልጥ ያረጀ ሰው ነበሩ። ሲሊንደሩን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት።

"ዋናው ቁልፍ የት ጠፋ ልጄ?"

"ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ።"

አዩኝና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ሽንት ቤት የገባ ሠርቻለሁ፣ ወንዝ የወሰደው ሠርቻለሁ። ቆጮ የበላው ግን አንቺ አመጣሽልኝ!"

ከዚያ ሥራ ጀመሩ። ገና ያልተቀረጸ ቁልፍ ኩራዝ ላይ ይዘው በጥላሸት አጠቆሩት፣ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተው ነቅነቅ አደረጉት፣ አውጥተው ወደ ብርሃን ያዙት። ጥላሸቱ የተፋቀበትን ቦታ ብቻ በቀጭን ሞረድ ሁለት ጊዜ ላስ ላስ አደረጉና መልሰው አጠቆሩት። እንዲህ እያሉ ስንቴ እንደደጋገሙት አላውቅም። የብረቱ ብናኝ በበሩ በገባው ፀሐይ ውስጥ እየበረረ እጄ ላይ ያርፋል። የሞረዱ ድምፅ እያባበለኝ አያቴ ጀፎረው ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ ይታየኝ ጀመር።

የጁምዓ ሰዓት ሲደርስ ሞረዱን አስቀምጠው ተነሱ። አውቶቡሴ በዘጠኝ ሰዓት ይሄዳል፤ ቁልፉ ግን ገና አይዞርም። አላስቻለኝም፤ የአያቴን መልእክት ነገርኳቸው። ቆመው ሰሙኝ።

"አባቱን ሊያዞር ነው?" አሉ ቀስ ብለው። "ኢንሻ አላህ ይደርሳል። አንቺ ተቀመጪ።"

ከሶላት ከሰው ሁሉ ቀድመው ሲመለሱ አየኋቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሲሊንደሩ "ቀጭ" አለ። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን በላዩ ላይ አጠፉልኝ።

"የሞተሩ በኩል ያረጀ ይሆናል። እምቢ ካለሽ አታስገድጂው። ትንሽ ወደ ራስሽ ሳብ አድርጊና ቀስ ብለሽ አዙሪው። ደግሞ ተመልሰሽ ንገሪኝ፤ ሽማግሌው ዞሩ አልዞሩ ማወቅ እፈልጋለሁ።"

"እነግርዎታለሁ ጋሼ" አልኳቸው፤ እየሮጥኩ።

መኪናዋ ጉብሬ ላይ በአንዴ ተነሳች። በመስቀል ማግስት ጠዋት፣ አገር ቤት ገብተን የበላነው ክትፎ ገና ከጎጆው ሽታው ሳይወጣ፣ አባቴ አያቴን ተሸክሞ አወጣቸው። እንዲህ ቀለው አይቻቸው አላውቅም ነበር። ጀፎረው ላይ መኪና አይነዳም፤ በዚያ ወቅት ሣሩ እርጥብ ነው፣ ጎማ ይገለብጠዋል። የሰፈሩ ሽማግሎች ግን ቀድመው ተነጋግረው ፈቅደው ነበር። ሰዉ ሁሉ ከየደጃፉ ወጥቶ ቆሟል።

አባቴ ቁልፉን አዞረ፤ እምቢ አለ። ደግሞ አዞረ። ላብ ከግንባሩ ሲወርድ፣ ቁልፉ በእጁ ውስጥ ሊሰበር ሲደርስ አየሁ። አያቴ የኋላውን ወንበር ተደግፈው ይጠብቃሉ።

"አባዬ፣ እኔ ልሞክር።"

ወርዶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ሳብ አድርጌ ቀስ ብዬ አዞርኩት። መኪናዋ ጉሮሮዋን ጠረገችና ተነሳች። መንዳት ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ መሪውን ሊቀበለኝ ሲመጣ አየኝና ሐሳቡን ለወጠ።

"በቃ አንቺው ንጂ" አለ። ከኋላ ገብቶ አባቱን ደረቱ ላይ አስደገፋቸው።

"ሰው እንደሚሄደው ሂጂ" አሉኝ አያቴ በጉራግኛ። ሰው በእግሩ እንደሚሄደው ሄድኩ። ሣሩ ከጎማው ሥር ድምፅ አልነበረውም። አያቴ እያንዳንዱን ደጃፍ በስም ይጠሩታል፤ እዚህ የእገሌ አባት፣ ይህን ዝግባ የተከልኩት እኔ፣ እዚህ ጋ አያትሽን መጀመሪያ አየኋት። ሰዉ በግራና በቀኝ ጎንበስ እያለ እጅ ይነሳቸዋል። አንድ ጊዜ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየሁ፤ አባቴ ጉንጩን በአባቱ ራስ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ዳር ደርሰን ተመለስን። ስንቆም አያቴ እጃቸውን በትከሻዬ ላይ አድርገው ረጅም ምርቃት መረቁኝ፤ እንባዬ መሪው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

በኅዳር አረፉ። የተቀበሩት ከዚያው ጀፎረ ማዶ ነው።

በጥር ለሠርጉ ጉድጓዱ ሲከፈት አንዷ ጎረቤታችን እልል ብላ ቁልፉን ይዛ ወጣች። ኮምጥጦ ጠቁሯል። አባቴ ተቀበላት፣ አጥቦ ኪሱ ከተተው፤ ግን በእሱ መኪናዋን ሲያስነሳ አላየሁትም። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሸጣት ለገዢው የሰጠው ያንን ነው። ሰውዬው አሽትቶት "ይሄ ነገር ቆጮ ቆጮ ይላል" ብሎ ነበር። የጋሽ ከድርን ቁልፍ ግን አባቴ ለእኔ ሰጠኝ፤ "አባቴ የዞረው በዚህኛው ነው" ብሎ።

ቡታጅራ ተመልሼ ለጋሽ ከድር አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ ለቅሶው፣ ከዚያ ሠርጉ፣ ከዚያ ሥራ፣ ልጆች፤ ስደርስ ሱቃቸው የስልክ መሸጫ ሆኖ፣ እሳቸውን የሚያውቅ ሰውም ጠፍቶ አገኘሁት። ይኸው እስካሁን ያንገበግበኛል። ቀኑን ሙሉ የደከሙልኝ ሰው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ወጣቱ ባለሱቅ ሌላ ቁልፍ ማሽኑ ላይ ሊያስር ብሎ ነበር። ማውራት ስጀምር ማሽኑን አጠፋው። በሩ ላይ የሚጠብቅ ሰው እያለ፣ በሞረድ የተሠራችውን ቁልፍ በእጁ ይዞ በጣቱ ጥርሷን እየዳሰሰ ሰማኝ።

"እና ማዘር" አለኝ፣ መኪናዋ ጀፎረው ላይ አልነሳም ያለችበት ላይ ስደርስ፣ "ሽማግሌው ዞሩ?"

"ዞሩ" አልኩት። "ዳር እስከ ዳር ዞሩ።"