አውቶቡስ የሚዞሩት አዛውንት

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እጄ መጥረጊያ እንጂ ብዕር አልለመደም። እኚህን አዛውንት ግን ሳልጽፋቸው ማለፍ አቃተኝ።

ሮም ከተማ ዳር፣ ሮማኒና በሚባለው የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ይቆማሉ፤ መቆም ከተባለ። ካፖርታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፣ እግራቸው ግን አያርፍም። ፔርሜሷቸውን፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ የሚያሳድሱበት ቀጠሮ ነገ ነው፤ ካለፋቸው ያለ ወረቀት ይቀራሉ። ለዚህ ነው ዛሬ መንገዱን ሊለማመዱ የወጡት።

አውቶቡሱ መጣ። እሳቸው ጎማውን ነካ ነካ እያደረጉ፣ ዘይት ያፈስ እንደሆነ ጎንበስ ብለው እያዩ ይዞሩት ጀመር።

«ኖኖ፣ ትሳፈራለህ ወይስ ትገዛዋለህ?» አለ ጣሊያናዊው ሾፌር፤ አያቴ ማለቱ ነው።

«አባባ፣ ይግቡ እንጂ! ነገም እንዲህ ጥሎዎት ቢሄድስ?» አለች ጎረቤቴ ሓዳስ፣ የአውቶቡሱ በር ላይ ሆና።

«ልጄ፣ ባሕር ኃይል የገባሁት ተራ መካኒክ ሆኜ ነው። መኮንን ሆኜ ሄሊኮፕተር ሳበርም በእጄ ሳልዳስስ አልነሳም ነበር።» ጎማውን ደግመው ዳሰሱ። «አንድ ቀን ብቻ ቸኮልኩ። ሦስት ሰው ጭኜ ነበር።»

ሾፌሩ በሩን ዘግቶ ሄደ።

በማግስቱ፣ ገና ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሓዳስ በአውቶቡሱ መስኮት አየቻቸው። ወረቀታቸውን በብብታቸው ይዘው፣ የአስፋልቱን ዳር ዳር ፈቃድ ወደሚታደስበት ፖሊስ ጣቢያ፣ ወደ ኩዌስቱራው፣ በእግራቸው ይገሰግሱ ነበር።