ወንድሜ የላከው ደም

ታላቅ ወንድሜ በሕይወቱ ወረፋ ይዞ አያውቅም። ሰው ይልካል። መሥሪያ ቤት ቢጠራው ሰው ይልካል፤ የልጁ አስተማሪ ብታስጠራው ሰው ይልካል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ በእሱ ፈንታ የሱቁ ዘበኛ ሄዶ፣ ጥግ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ያዝንለታል። ምስኪኑ ዘበኛ ለማያውቃቸው ሰዎች ሲያለቅስ ነው ያረጀው። አንድ ቀን ወንድሜን፣ «ጋሼ፣ ስትሞትስ ማንን ልትልክ ነው?» ብዬዋለሁ። አልሳቀም። እኔም ላስቀው ብዬ አልነበረም።

ቀለም ይሸጣል። ዋናው መንገድ ላይ፣ መስኮቱን የቀለም ቆርቆሮ የሞላው ሱቅ የእሱ ነው። ግድግዳውን እርጥበት የበላበት ሰው ሲመጣ፣ መጀመሪያ ልስኑን አስጠግን አይለውም፤ ወፍራም ቀለም ሽጦ ይሸኘዋል። ግድግዳው ሲላላጥ ሰውዬው ተመልሶ ይመጣና ሌላ ወፍራም ቀለም ይገዛል። ወንድሜ ይህን ብልጠት ይለዋል። ከብልጠቱ ቀጥሎ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ዘሩ ነው። እሱ ሲያወራው የእኛ ዘር አይታመምም፣ አያረጅም፤ አይሞትም ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው። እናታችን ጣቶቿ አብጠው የልብሷን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷት ኖራ፣ በመጨረሻ በኩላሊት ስትሞት «ብርድ ነው» አለ። አክስታችን ከጉንጭ እስከ ጉንጯ የሚሄድ ቅላት ወጥቶባት፣ ከስታ ከስታ ስታልፍ «ፀሐይ ነው» አለ። ብርድና ፀሐይ ተባብረው ቤታችንን ሲጨርሱት የወንድሜ ዘር ግን ንፁህ እንደሆነ ቀረ።

ከዚያ የእኔ ልጅ ታመመች። ገና ተማሪ ናት። አንድ ጠዋት ማበጠሪያ መያዝ አቃታት፤ ሰንብቶ ያ የማውቀው ቅላት ፊቷ ላይ ወጣ። ይዣት ሐኪም ቤት ሮጥኩ። ሐኪሟ ነገሩን ሳታወሳስብ አስረዳችኝ። ሰውነትን ከበሽታ መጠበቅ የሚገባው መከላከያ ዞሮ ሰውነቱን ራሱን እያጠቃ ነው፤ አሁን ኩላሊቷ ላይ ደርሷል።

«ብዙ ሰው ላይ ትናንሽ ምክንያቶች ተደራርበው ነው የሚያመጡት» አለችኝ። «በጣም ጥቂት ቤተሰብ ላይ ግን ዘረመል ውስጥ ያለች አንዲት ስህተት ብቻዋን ታመጣዋለች። የእናንተ ቤት እንደዚያ ይመስለኛል። እሷን ካገኘናት መድኃኒቱን በግምት መስጠታችንን እናቆማለን።»

ግምቱ እስካሁን የልጄን ፊት ከማሳበጥ በቀር ምንም አልፈየደም ነበር። የልጄንና የእኔን ደም መርምረው ሁለት ተጠርጣሪ ስህተቶች ቀሩ። የትኛዋ ጥፋተኛ እንደሆነች ለመለየት የሌላ የቅርብ ዘመድ ደም ያስፈልጋል፤ ሌላ የታመመ ዘመድ ቢገኝ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ወንድሜን በስልክ ጠየቅኩት።

«ሌላ የታመመ? እኛ ቤት? ምን ነካሽ!» አለኝ።

ያኔ ልጁን ሊድር ሽር ጉድ ላይ ነበር። አማቾች ሊሆኑ ያሰቡት ሰዎች ከእሱ አይሻሉም፤ ገበያ እንደወጣች ላም ጥርሷን ከፍተው ማየት ነበር የቀራቸው። እንግዲህ በእንዲህ ያሉ ሰዎች ፊት ዘሬ በሐኪም ቤት ይመረመራል ከሚል የእህቱ ልጅ ኩላሊት ቢቀር ይሻለዋል። ሱቁ ድረስ ሄጄ፣ ደንበኛ እያየኝ፣ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ተነሺ እንኳ አላለኝም፤ «ሰው ያየናል» ነው ያለኝ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሱ ደወለና፣ «ሱቁ አጠገብ ያለው ክሊኒክ ደም ሰጥቻለሁ። ወደ ሐኪምሽ ይልኩታል። ከእንግዲህ አትነዝንዢኝ» አለኝ። እኔ ሞኟ ስልኩን ይዤ መረቅኩት። ያ ምርቃት አሁን ድረስ ያንገበግበኛል።

ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሟ ሁለታችንንም ጠራችን። እሱ እንደ ልማዱ ሰው ልላክ ቢል፣ ለደሙ ባለቤት ካልሆነ አልናገርም አለችው። እያጉረመረመ መጣ። አብሬህ ካልሄድኩ ብላው ልጁም መጣች፤ በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳ፣ ጓንት አድርጋ፣ ፊቷን በወፍራም ዱቄት ተቀብታ ከጎኑ ተቀመጠች። ሙሽራ ናት፣ ትዋብ አልኩ።

ሐኪሟ በጥንቃቄ ጀመረች። «ሁልጊዜ መጀመሪያ የምናየው ዝምድናውን ነው። ይህ ደም ከእህትዎ ደም ጋር አይዛመድም። ክሊኒኩ ውስጥ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ አሁን እዚሁ እንደገና እንውሰድ።»

ይህቺ ሴት የሚያመልጥበትን በር ከፍታ ነበር የሰጠችው። ሌላ ሰው ቢሆን እያመሰገነ ይወጣበት ነበር። ወንድሜ ግን እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ «ምንም የተሳሳተ ነገር የለም። የእኔ ደም ነው። ሁለተኛ አልሰጥም» አላት።

«እንግዲያው» አለች ሐኪሟ፣ «በእናትም በአባትም የእርሳቸው ወንድም አይደሉም ማለት ነው።»

ጠበቅኩ። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ዘሩ ሲደነፋ የኖረ ሰው አሁን ጠረጴዛ ይደበድባል ብዬ ነበር። አሰበ፣ ጉሮሮውን ጠራረገና ምን አለ መሰላችሁ?

«ምናልባት ከመንገድ አንስተው አሳድገውኝ ይሆናላ! ማን ያውቃል?»

የእናታችንን አፍንጫ፣ የአባታችንን ጆሮ ፊቱ ላይ ተሸክሞ ነው እንዲህ የሚለው። ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ ወደ ለቅሶ ተለወጠብኝ። አንድ ብልቃጥ ደም ላለመስጠት ወላጆቹን ካደ። እናታችንን ካደ። በሰው ላይ እንዲህ ያለ ንቀት ይሰማኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ ልጄ እየሞተችብኝ ነው እኮ» አልኩት።

«እኔ ምን ላድርግ? ዘመድ አይደለህም ተባልኩ» አለኝ። እፎይ ያለ ይመስል ነበር።

ይኼኔ ልጁ ተናገረች።

«አባዬ፣ ዘበኛው ነው የሰጠው።»

«ዝም በይ!»

«ክንዱ ላይ ፕላስተር አይቼ ጠየቅኩት። ‹ጋሼ ልከውኝ ነው› አለኝ። ምን እንደሚሠሩበት እንኳ አላወቀም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አክስቴ፣ ይቅር በይኝ። ሠርጉ እስኪያልፍ ዝም በይ ብሎኝ ነው።»

ጓንቷን በጥርሷ እየጎተተች አወለቀችው፤ በእጇማ አልቻለችም። ጣቶቿ የእናቴ ጣቶች ነበሩ። አብጠው፣ ቀልተው፣ አልታጠፍ ብለው። ከቦርሳዋ መሀረብ አውጥታ ጉንጯን ስትጠርግ ከዱቄቱ ሥር ያው ቅላት ወጣ። ለካ ወንድሜ ልጁንም እንደ ግድግዳ ነበር የሚያስቀባት።

ሐኪሟ ከወንበሯ ተነሥታ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። እጇን ይዛ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በቀስታ ዳሰሰች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዓመት አልፎታል።»

«ዓመት ሙሉ አንቺን ነበር የምንፈልገው» አለቻት። «ያንቺ ደም ከአክስትሽ ልጅ ደም ጋር ሲተያይ የትኛዋ ስህተት እንደሆነች ይለይልናል። ለሁለታችሁም ነው የሚበጀው። የአባትሽም ቢኖር ደግሞ በየት በኩል እንደመጣ እናረጋግጥ ነበር።»

የወንድሜ ልጅ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰበሰበች። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ከእኔ ውሰዱ» አለች። «የአባቴም ግማሹ እዚሁ ውስጥ አለ።»

ወንድሜ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ስለ ልጁ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር፤ ያምሻል ወይ፣ ሌሊት ትተኛለሽ ወይ ይላል ብዬ። «ይህ ነገር አማቾቼ ጋ አይደርስም አይደል?» አለ። ሐኪሟ ነርሷን ጠራች።

ነርሷ ገብታ የልጅቷን ደም ቀዳች። ብልቃጡን አስቀምጣ አዲስ መርፌ አወጣችና ወደ እሱ ዞረች።

«እርስዎስ፣ አባት?» አለችው።

ወንድሜ ወደ በሩ ዞሮ አየ። የሚልከው ሰው አልነበረም።