ከመስታወቱ ወዲህ

ልጄን የሥራ ባልደረቦቿ «ሐውልት» ይሏታል። ከተቀመጠች ትንፋሿም አይሰማም። ሥራዋ የጦጣ ግልገሎችን መመልከት ነው። ያለ እናት ያደጉትን ከሌሎቹ ጋር ይቀላቅሏቸዋል፤ እሷ ከመስታወት ጀርባ ሆና ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ፣ ማን ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ፣ አንዱ ወደ ሌላው እስኪጠጋ ምን ያህል እንደቆየ ትመዘግባለች። ጉዳታቸው የሚለካው በዚህ ነው። መጥራትና ማባበል ክልክል ነው፤ ልኬቱን ያበላሻል።

አንድ ቀን መነጽሯን ረስታ ሄዳ ላደርስላት ወጣሁ።

«የሐውልቷ እናት ነዎት? ይግቡ እማማ» አለኝ ዘበኛው። «ካነቃነቋት ምሳ በእኔ።»

እየሳቅሁ ገባሁ። ክፍሉ ጨለምለም ያለ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ አንዲት ትንሽ ጦጣ ገላዋን በገዛ እጆቿ አቅፋ ትወዛወዛለች።

«ታየናለች?» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አታየንም፣ እማዬ። በእሷ በኩል የራሷ መልክ ብቻ ነው የሚታየው።»

እኔ ግን ወደ በሩ ስሄድ የጦጣዋ ዓይን ተከተለኝ።

የልጅ ልጄ ገና ድክ ድክ ማለቷ ነው። ቀን ከእኔ ጋር ስትውል አፏ አይዘጋም። የዚያን ዕለት እናቷ ከሥራ ስትገባ ግን ጥጓን ይዛ ዝም አለች። ልጄም ሳትጠራት ፊት ለፊቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ሕፃኗ ገላዋን በእጆቿ አቅፋ ወደ ፊት ወደ ኋላ ማለት ጀመረች። ወደ ልጄ ዞርኩ።

«አንሻት እንጂ!»

«ቆይ፣ ራሷ ትምጣ።»

«ጥሪያት እሺ።»

«ከጠራኋት መምጣቷን እንጂ መፈለጓን በምን አውቃለሁ? ስንት ቀኔ ነው ስጠብቃት።»

ሁለቱን አየኋቸው። ያው የማይርገበገብ ዓይን፣ ያው የተዘጋ ከንፈር። የሕፃኗ ዓይን ከእናቷ ፊት አልተነቀለም።

«ልጄ፣» አልኳት፣ «እሷም እኮ እየጠበቀችሽ ነው።»

ከወንበሩ ወረደች። ፈገግ ልትል ብትሞክር ፊቷ አልታዘዝ አላት።

«ሚጡዬ፣ ነይ።»

ሕፃኗ መወዛወዟን አቆመች እንጂ አልመጣችም። ዞር ብላ እኔን አየችኝ፤ ይህቺ ማን ናት የምትል መሰለኝ። ልጄ በጉልበቷ እየዳኸች ጥጉ ድረስ ሄደችና አቀፈቻት። ሕፃኗ አልሸሸችም፣ አልተጠጋችምም። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ እጇን ከገላዋ አላቀቀችና የእናቷን ቀሚስ ጨበጠች። በሌላኛው እጇ ግን እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ራሷን እንዳቀፈች ቀረች።